«ዝቅ በሉ፣ ትራፊክ አለ!» — ከማን ነው የምንደበቀው?



በአዲስ አበባ በሚኒባስ ታክሲ የተመላለሰ ሰው ሁሉ የሚያውቃት አንዲት ትእዛዝ አለች። ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር ላይ አራት ሰው ተጠጋግቶ ተቀምጧል፤ በሩ አጠገብ ደግሞ ሁለት ሦስት ሰው ጎብጦ ቆሟል። ታክሲው አደባባይ ሲቃረብ ረዳቱ በመስኮት አሻግሮ ያይና «ዝቅ በሉ፣ ትራፊክ አለ!» ይላል። የቆመው ቁጢጥ ይላል። የተቀመጠው ጉልበቱን ሰብስቦ መደበቂያ ይሰጠዋል። ትራፊክ ፖሊሱ ታልፎ ሲኬድ የተደበቁት ቀና ይላሉ፣ አንዳንዱም እንደ ቀልድ ቆጥሮት ይስቃል።

እኔ ይህን ባየሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይመላለስብኛል። ሾፌሩና ረዳቱ የሚደበቁት ከቅጣት ነው፤ ምክንያታቸው ግልጽ ነው። ተሳፋሪውስ ከማን ነው የሚደበቀው? ገንዘቡን የከፈለው እርሱ ነው። መኪናው ቢገለበጥ የሚሰበረው የእርሱ አጥንት ነው። ፀሐይና ዝናብ ላይ የቆመው ትራፊክ ፖሊስም የቆመው ለእርሱው ሕይወት ነው። ታዲያ ሰው ሊጠብቀው ከቆመ ሰው ራሱን የሚደብቀው ለምንድን ነው? ጉዳት ቢደርስስ ተጠያቂው ሾፌሩ ብቻ ነው ወይስ ከፍሎ ዝም ያለውም ድርሻ አለበት? ዛሬ ላነሳ የፈለግሁት ይህንኑ ነው።

መልሴን ከወዲሁ ልናገር። ተሳፋሪ ማለት እንደ ጆንያ ተጭኖ የሚወርድ ዕቃ አይደለም። ገንዘብ ከፍሎ አገልግሎት የገዛ ሸማች ነው። ሸማች ደግሞ በገንዘቡ የሚደግፈው ነገር ሁሉ ይመለከተዋል። ትርፍ የሚጫነው የሚከፍል ትርፍ ሰው ስላለ ነው፤ የሚበረውም «ቶሎ አድርሰን» የሚል ደንበኛ ስላለ ነው።

ገበያ ላይ ንቁ፣ መንገድ ላይ ዝም

እኛ የከተማ ሰዎች በገበያ ላይ ሞኞች አይደለንም። በርበሬ ስንገዛ ሸክላ ተፈጭቶ እንዳልተቀላቀለበት በጣታችን አሽተን እናያለን። ቅቤው ባዕድ ነገር እንዳልገባበት እናሸትታለን፣ እንቀምሳለን። ሽንኩርት ሲመዘንልን ዓይናችን ከሚዛኑ ላይ አይነሳም። በተለይ እኛ ሙስሊሞች ሥጋ ስንገዛ የማን እርድ እንደሆነ ሳንጠይቅ ወደ ቤት አናስገባም። የታሸገ ብስኩት ላይ በደቃቁ የተጻፈውን አገላብጠን እናነባለን። ይህ መልካም ነው። ሰው ወደ ሆዱ ስለሚያስገባው ነገር መጠንቀቁ የዲኑ አካል ነው።

ይኸው ጠንቃቃ ሰው ግን ልጆቹን ይዞ ረጅም መንገድ ለመሄድ መናኸሪያ ሲደርስ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው። «ስንት ነው?» እና «ስንት ሰዓት ይነሳል?» ጎማው ጥርሱ አልቆ ሊሾ ሆኖ እንደሁ ጎንበስ ብሎ አያይም። ሾፌሩ ሌሊቱን ሲነዳ አድሮ እንደሁ አይጠይቅም። በመተላለፊያው ላይ ዱካ ተደርድሮ ሰው ሲቀመጥበት እያየ አይናገርም። ግማሽ ኪሎ በርበሬ ሲገዛ የሚያደርገውን ጥንቃቄ የአምስት ሰው ነፍስ አሳልፎ ሲሰጥ አያደርገውም። ለምን ቢባል፣ ትኬት ሲቆርጥ የገዛው ቦታ መለወጥን ብቻ ስለሚመስለው ነው። እርሱ የገዛው ግን በደህና መድረስን ነው። በደህና የማያደርስ መኪና ከባዕድ ነገር ጋር እንደተቀላቀለ በርበሬ ነው፤ እንዲያውም ከዚያ የባሰ ነው። የተበላሸ በርበሬ ይደፋል፤ የሞተ ልጅ ግን አይመለስም።

ነገሩን አጋንነሃል የሚል ካለ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣውን ሪፖርት ይመልከት። በ2021 ብቻ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው በመንገድ አደጋ ሞቷል። ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት የሆኑትን ልጆችና ወጣቶች በመግደል ቀዳሚው በሽታ ሳይሆን መንገድ ነው። ከሟቾቹ ከግማሽ የሚበልጡት እግረኞች፣ ብስክሌተኞችና ባለ ሞተር ሳይክሎች ናቸው። ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ያላቸው አገሮች ከዓለም ተሽከርካሪ 60 በመቶ ያህሉን ይዘው ከሟቾቹ 92 በመቶውን ይቀብራሉ። ሀብታሙ አገር ብዙ መኪና ይዞ ጥቂት ሲቀብር እኛ ጥቂት ይዘን ብዙ እንቀብራለን። ይህ ልዩነት የዕድል ልዩነት ብቻ ሊሆን አይችልም።

«ቀደር ነው»

በሐዘን ቤት ተቀምጠን የምንለውን አውቃለሁ። «አጀሉ ደርሶ ነው፤ ቀደር ነው» እንላለን። ልጇን ላጣች እናት ይህ ቃል እውነትም ነው፣ መጽናኛም ነው። በቀደር ማመን ከኢማን ማዕዘናት አንዱ ነውና ማንም ሙእሚን አይክደውም። ነገር ግን ከአደጋ በኋላ መጽናኛ የሆነው ቃል ከአደጋ በፊት የቸልተኝነት ፈቃድ ሲሆን እናያለን። ሾፌሩን «ቀስ በል» ስትለው «ሞት እንደሆነ አልጋ ላይም ይመጣል» ይልሃል። ቀበቶ እሰር ስትለው «የሚጠብቅ አላህ ነው» ይልሃል።

ለዚህ አባባል መልሱ የተሰጠው ዛሬ አይደለም። ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ) በሻም ምድር ወረርሽኝ መግባቱን ሰርግ በምትባል ቦታ ሲሰሙ ከነሠራዊታቸው ለመመለስ ወሰኑ። ያን ጊዜ አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ) ከአላህ ቀደር ነው ወይ የምንሸሸው ብለው ጠየቋቸው። ዑመርም ከአንዱ የአላህ ቀደር ወደ ሌላው የአላህ ቀደር ነው የምንሄደው በማለት መለሱላቸው። አንዱ ወገኑ ለምለም፣ ሌላው ደረቅ የሆነ ሸለቆ ያገኘ እረኛን ምሳሌ አድርገውም ግመሎቹን በየትኛውም ቢያሰማራ በአላህ ቀደር መሆኑን አስረዱ። ነብዩም (ሰ.ዐ.ወ) ግመሉን ሳያስር በአላህ ሊመካ የፈለገን ሰው መጀመሪያ አስሮ ከዚያ እንዲመካ እንደመከሩት ቲርሚዚይ ዘግበውታል። የዘመናችን ግመል መኪና ነው። ማሰሪያው ፍሬንና ቀበቶ ነው።

ደግሞም ቀደር የሚለው የዐረብኛ ቃል ራሱ የመለካትና የመመጠን ትርጉም አለው። አላህ (ሱ.ወ) ነገሮችን በልክ ፈጥሯል። ከእነዚያ ልኮች አንዱ ይህ ነው፤ የመኪና ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬን ከተያዘ በኋላ ለመቆም የሚፈጀው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ ወደ 17 ሜትር ይጓዛል። ሾፌሩ በስልኩ የመጣለትን መልእክት ለሦስት ሴኮንድ ቢያነብ 50 ሜትር መንገድ ዓይኑን ጨፍኖ እንደነዳ ይቆጠራል። በዚያ 50 ሜትር ውስጥ ስንት የትምህርት ቤት ልጅ ሊሻገር ይችላል? ይህን ልክ የሠራው ትራፊክ ጽሕፈት ቤት አይደለም። ፈጣሪ በፍጥረቱ ላይ ያኖረው ሕግ ነው። በቀደር የሚያምን ሰው ልኩን አውቆ በልኩ ይኖራል እንጂ ልኩን ረግጦ ጥፋቱን በባለ ልኩ ላይ አያላክክም።

ትርፉንም እስኪ እናስላው። 30 ኪሎ ሜትር መንገድ በ60 ፍጥነት ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። በ80 ቢነዳ ሃያ ሁለት ደቂቃ ተኩል ነው። የተረፈው ሰባት ደቂቃ ተኩል ነው። ቡና ለመጠጣት እንኳ አይበቃም። በገበያ ላይ እንዲህ ያለ ከንቱ ዕቃ በእንዲህ ያለ ዋጋ ቢቀርብልን «ምን ዓይነት ዝርፊያ ነው!» ብለን እንጮህ ነበር።

ባለቤት ያጣ ጥፋት

አደጋ ከደረሰ በኋላ ጣት መቀሳሰር ይጀመራል። ሾፌሩ «ባለ መኪናው የቀን ገቢ ሙላ እያለ ያስጨንቀኛል» ይላል። ባለ መኪናው «የመለዋወጫ ዋጋ ሰማይ ነክቷል» ይላል። መካኒኩ «የመጣልኝን ዕቃ ነው የገጠምኩት» ይላል። ዕቃ ሻጩ «ርካሹን ስጠኝ የሚለው ደንበኛው ነው» ይላል። ተሳፋሪው «መሪው በእጄ አይደለ፣ እኔ ምን አገባኝ» ይላል። በእያንዳንዱ አባባል ውስጥ ጥቂት እውነት አለ። ሁሉም ጥቂት እውነቱን ይዞ ወደ ቤቱ ሲገባ ግን ጥፋቱ ባለቤት አጥቶ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ነገም ሌላ ሰው ይገድላል።

ኑዕማን ኢብኑ በሺር (ረ.ዐ) ባስተላለፉትና ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ መርከብ የተሳፈሩ ሰዎችን ምሳሌ አድርገዋል። ዕጣ ተጣጥለው ግማሾቹ ከላይ፣ ግማሾቹ ከታች ተቀመጡ። የታችኞቹ ውሃ ለመቅዳት በላይኞቹ በኩል ማለፍ ነበረባቸው። በዚህን ጊዜ በራሳችን ድርሻ ላይ ቀዳዳ ብንከፍት የበላዮቻችንን አናስቸግርም ብለው አሰቡ። ላይኞቹ ዝም ቢሏቸው ሁሉም ይሰጥማሉ፤ እጃቸውን ቢይዟቸው ግን ሁሉም ይድናሉ።

በዚህ ምሳሌ ውስጥ ብዙ ጊዜ የማይስተዋል ነገር አለ። ቀዳዳ ለመክፈት ያሰቡት ሰዎች ክፉዎች አይደሉም። ውሃ ጠምቷቸዋል፤ ሰውም ማስቸገር አልፈለጉም። ሐሳባቸው ጨዋነት ይመስላል። ታክሲ ውስጥ ዝም የሚለውም ሰው እንዲሁ ነው። ቤቱ ለመድረስ ቸኩሏል፤ ነገር መፍጠርም አይፈልግም። «ሰው አላስቸግርም» ብሎ ይጠጋል፣ ዝቅ ይላል። ነገር ግን ቀዳዳው የተከፈተው በጨዋነት ስለሆነ ውሃው መግባቱን አይተውም።

በ450 ሂጅራ (እ.ኤ.አ. በ1058) የሞቱት ታላቁ የፊቅህ ሊቅ አል-ማወርዲ ስለ አስተዳደር በጻፉት «አል-አሕካም አስ-ሱልጧኒያ» በተሰኘ መጽሐፋቸው የሙሕተሲብን፣ ማለት የገበያና የአደባባይ ተቆጣጣሪን፣ ሥራ ዘርዝረዋል። ከዝርዝሩ ውስጥ ሚዛን መቆጣጠርና ዕቃ የሚያበላሹ ነጋዴዎችን መቅጣት አለ። ከዚሁ ጋር ሙሕተሲቡ ባለ መርከቦች መርከባቸው ከሚችለው በላይ እንዳይጭኑና ነፋስ ሲበረታ እንዳይነሱ ሊከለክላቸው እንደሚችል ጽፈዋል። እንግዲህ «ትርፍ አትጫን» የሚለው ቃል ከአውሮፓ የመጣ የዘመናይ ሕግ የሚመስለው ሰው ካለ ይህን ያስተውል። ከአንድ ሺህ ዓመት ገደማ በፊት በሸሪዓ ሊቃውንት መጽሐፍ ሠፍሮ ይገኛል፤ ያውም ከሚዛን ጋር በአንድ ምዕራፍ። ሚዛን የሚያጎድልና ትርፍ የሚጭን ሁለቱም የሰው ሐቅ የሚበሉ ናቸውና።

ዛሬ አደባባይ ላይ የቆመው ትራፊክ ፖሊስ የዚያን ሙሕተሲብ ሥራ ነው የሚሠራው። «አንዳንዱ እኮ ጉቦ ይቀበላል» ትሉኝ ይሆናል። የሚቀበል ካለ ሒሳቡ በአላህ ዘንድ ከባድ ነው። የእርሱ ጥፋት ግን የእኛን ቁጢጥ ማለት ትክክል አያደርገውም።

ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚም እ.ኤ.አ. በሰኔ 1993 ብሩናይ ውስጥ ባካሄደው 8ኛ ጉባኤ ስለ መኪና አደጋ ውሳኔ አሳልፏል። ከሸሪዓ ጋር የማይጋጩ የትራፊክ ደንቦችን ማክበር በሸሪዓም ግዴታ መሆኑን ገልጿል። ሾፌር በሌላው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑን፣ ጉዳቱን ሾፌሩም ተጎጂውም አብረው ካመጡት ደግሞ ኃላፊነቱን እንደሚጋሩ አስቀምጧል። ስለዚህ ቀይ መብራት መጣስ «የመንግሥት ሕግ ነው» ተብሎ ከዲን ውጭ የሚጣል ጉዳይ አይደለም።

የሻጩና የገዢው አማና

አሁን ወደ ሱቁ እንመለስ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ አንድ የእህል ክምር ቢያስገቡ ከሥሩ ርጥብ ሆኖ አገኙት። ሻጩ ዝናብ ነክቶት ነው ቢላቸው ሰው እንዲያየው ርጥቡን ከላይ ማድረግ እንደነበረበት ነገሩት፤ አጭበርባሪንም ከወገናቸው እንደማይቆጥሩት ተናገሩ። ሙስሊም ዘግበውታል። እህል ርጥብ ቢሆን ገዢው የሚከስረው ገንዘብ ነው። ያገለገለ የፍሬን ሸራ በአዲስ ካርቶን አሽጎ የሚሸጥ ሰውስ ገዢውን የሚያከስረው ምንድን ነው? ያ ሸራ የሚገጠመው የትምህርት ቤት ሰርቪስ ላይ ሊሆን ይችላል። በሶማሌ ተራም ሆነ በሌላ ቦታ በመለዋወጫ ንግድ የሚተዳደሩ ወንድሞቻችን ብዙ ናቸው፤ ሐቀኞቹም ብዙ ናቸው። ለእነርሱ የምለው አንድ ነገር ነው፤ ርጥቡን ከላይ አድርጉት። ደረጃው ዝቅ ያለ ከሆነ ዝቅ ያለ ነው በሉ።

ገዢው ደግሞ ዕውቀት ያስፈልገዋል። ለምሳሌ ጎማ ዕድሜ አለው፤ ሳይነዳበት ተቀምጦም ያረጃል። የተሠራበት ጊዜ በጎኑ ላይ በአራት ቁጥር ይጻፋል። 3519 የሚል ቢኖር እ.ኤ.አ. በ2019 በ35ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ይህን ማንበብ የሚችል ገዢ ያረጀ ጎማ ታጥቦ «አዲስ ነው» ተብሎ አይሸጥለትም። የመድኃኒት ቀን እንደምናነብ የጎማውንም ቀን እናንብብ።

የገዢ ጥያቄ ኃይል የለውም የሚል ካለ የአሜሪካንን ነገር ያስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1965 ራልፍ ኔደር የተባለ ወጣት የሕግ ባለሙያ ስለ መኪናዎች አደገኛ አሠራር መጽሐፍ አሳተመ። እስከዚያ ጊዜ ድረስ ጥፋቱ ሁሉ የሾፌሩ ነው ይባል ነበር። እርሱ ግን «መኪናውስ እንዴት ተሠራ?» ብሎ ጠየቀ። ገዢዎችም አብረው ጠየቁ። በማግሥቱ ዓመት፣ በ1966፣ የመኪና ደህንነት ሕግ ወጣ፤ ፋብሪካዎችም መንግሥት ያወጣውን የደህንነት ደረጃ እንዲያሟሉ ተገደዱ። ፋብሪካውን ያስገደደው ሸማቹ መጠየቅ መጀመሩ ነው።

«ከፈለግክ ውረድ!»

አሁን የሚነሳውን ተቃውሞ አልሸሸውም። «አንተ በወረቀት ላይ ይቀልልሃል፤ እኛ ተናገርን ስንል ከፈለግክ ውረድ እንባላለን» የሚል አንባቢ አለ። ሌላዋም «ሁለት ሰዓት በዝናብ ተሰልፌ ከመጨረሻው ታክሲ ውረጂ ልባል ነው? ልጆቼ ቤት ብቻቸውን ናቸው» ትላለች። ትክክል ናት። እኔ እርሷን ጥፋተኛ ነሽ ለማለት ድፍረቱ የለኝም። የተቸገረ ሰው ፍርድ ካልተቸገረው ይለያል። የኃላፊነት ክብደት እንደ አቅም ነው፤ መሪ የያዘው ይቀድማል፣ ባለ መኪናው ይከተላል፣ በቂ ትራንስፖርትና መንገድ የማቅረብ ሥልጣን ያለውም ከእነርሱ አይለይም። ዑመር (ረ.ዐ) በኢራቅ አንዲት በቅሎ ብትሰናከል መንገዷን ለምን አላስተካከልክም ተብዬ እንዳልጠየቅ እፈራለሁ ይሉ እንደነበር ይተረካል። ይህ ለባለ ሥልጣን ሁሉ ትምህርት ነው።

ነገር ግን ትንሽ አቅም ማለት ምንም አቅም የለም ማለት አይደለም። አንድ ጊዜ ወደ ደሴ ስንጓዝ ጣርማ በርን አልፈን ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ስንወርድ ጉም ነበር። ሾፌሩ በኩርባ ላይ የጭነት መኪና ደርቦ ለማለፍ ሁለት ጊዜ ሞከረ። ሁሉም ተሳፋሪ ወንበሩን ጨብጦ ዝም አለ። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት ሽማግሌ እናት ድምፃቸውን ሳያነሱ «ልጄ፣ እኛ አልቸኮልንም። አንተን ያስቸኮለህ ምንድን ነው? ለአንተም እናት አለችህ» አሉት። ከዚያ አንድ ሌላ ሰው «እውነታቸውን ነው» አለ፤ ሦስተኛውም ጨመረ። ሾፌሩ በመስታወቱ ወደ ኋላ አየና «እሺ እማዬ» ብሎ ቀስ አለ። እናቲቱ አልተሳደቡም፣ አላዋረዱትም። መልካም ነገርን በመልካም አነጋገር ነው ያዘዙት። እኔ ከዚያ የተረዳሁት መኪናው ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ያሰበው አንድ ነገር መሆኑን ነው፤ የጎደለው የመጀመሪያው ሰው ብቻ ነበር።

በሕግም ቢሆን ተሳፋሪ ባዶ እጁን አይደለም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ወይም አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድ፣ ከስድብና ከማስፈራራት የመጠበቅ፣ ለደረሰበት ጉዳትም ካሣ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። «ከፈለግክ ውረድ» የሚለው ቃል እንግዲህ ከአዳብም ከሕግም የወጣ ነው።

ከራሳችን በር እንጀምር

ሌላውን ከመውቀሳችን በፊት የእኛን የሙስሊሞቹን ጓዳ እንመልከት። በረመዷን መግሪብ ሲቃረብ ከተማው ውስጥ የሚታየውን ሩጫ ልብ በሉ። ቀኑን ሙሉ ጾሞ የዋለ ሰው ለማፍጠሪያ እቤቱ ለመድረስ ሲል የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ይጥላል። ሦስት ተምርና አንድ ጠርሙስ ውሃ መኪና ውስጥ ቢያስቀምጥ ግን በሰዓቱ አፍጥሮ በሰላም ይደርስ ነበር። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ኢቃማ ሲሰማ እንኳ ወደ ሰላት በሩጫ ሳይሆን በእርጋታ እንድንሄድ አስተምረውናል። ለሰላት ያልተፈቀደ ሩጫ ለሾርባና ለሳምቡሳ እንዴት ይፈቀዳል?

በጁሙዓ ቀንስ? በየመስጂዱ ዙሪያ መኪና ሁለትና ሦስት ረድፍ ይቆማል። በዜብራ ላይ ይቆማል፣ በሰው በር ላይ ይቆማል። አንቡላንስ ቢመጣ ማለፊያ የለውም። ከመንገድ ላይ ጎጂ ነገርን ማስወገድ ከኢማን ቅርንጫፎች አንዱ መሆኑን በሚያስተምር ዲን ውስጥ ሆነን ጎጂውን ነገር እኛው አቁመን ለመስገድ እንገባለን። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) መንገድ ሐቅ እንዳለው ሲያስተምሩ ከሐቆቹ አንዱ ሰውን አለመጉዳት ነው ብለዋል።

የቀበቶውም ነገር እንዲሁ ነው። በ2003 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ቁጥር 208 ቀበቶ ማሰርን ግዴታ ካደረገ ወዲህ ብዙው ሰው ማሰርን ሳይሆን ማስመሰልን ለምዷል። ቀበቶውን ትከሻው ላይ ጣል ያደርግና ሳይቆልፈው በእጁ ይይዘዋል፤ ትራፊኩን ሲያልፍ ይለቀዋል። ይህ ማንን ማታለል ነው? ቀበቶ በግጭት ጊዜ የመሞትን ዕድል እስከ ግማሽ እንደሚቀንስ የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል። ሕፃን ልጅን ጭን ላይ አድርጎ ከፊት መቀመጥም ፍቅር ይመስላል፤ ግጭት ሲደርስ ግን የማንም ክንድ ልጅ ይዞ አያስቀርም። ገና መንጃ ፈቃድ ላላወጣ ልጁ «አድጓል» ብሎ ቁልፍ የሚሰጥ አባትም ስጦታ የሰጠ መስሎት የሰው ልጆችን ሁሉ ለአደጋ ያጋልጣል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። ወደ መኪና ከመግባታችን በፊት ጎማውን በዓይናችን እንመልከት። ሥራ ያላስቸኮለን፣ ጊዜ ያለን ሰዎች ትርፍ ሆነን አንግባ፤ «ተጠጉ» ስንባልም «ወንበሩ የሦስት ሰው ነው» እንበል። ሾፌር ስልክ ሲያነጋግር በትሕትና «ስትደርስ ብታነጋግረው» እንበለው። አንድ ሰው እንዲህ ሲናገር ብቻውን አንተወው፤ ሁለተኛው ሰው እንሁን። በእርጋታ የነዳንን ሾፌር ስንወርድ «አላህ ይጠብቅህ፣ ጥሩ ነዳህ» እንበለው። ከችኩሉ ይልቅ እርጋተኛው ደንበኛ የሚያገኝ ከሆነ ሌላውም ይማራል። እግረኞችም ብንሆን የእግረኛ መንገድ በሌለበት ግራችንን ይዘን መኪናው ፊት ለፊት እየታየን እንሂድ።

የሰው ልጅ በቂያም ቀን ስለ ዕድሜው፣ ስለ ዕውቀቱ፣ ስለ ገላው፣ ስለ ገንዘቡም ከየት እንዳመጣውና በምን ላይ እንዳዋለው ሳይጠየቅ እግሩ ከቆመበት እንደማይነቃነቅ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ተናግረዋል። ብዙዎቻችን ገንዘቡን ከየት እንዳመጣነው እንጠነቀቃለን፤ ወለድ እንዳይነካው፣ ሐራም እንዳይገባበት እንፈራለን። በምን ላይ እንዳዋልነው የሚለው ሁለተኛው ጥያቄ ግን ለታክሲ የምንከፍላትን ጥቂት ብርም ይጨምራል። በዚያች ብር የገዛነው ትርፍ መጫንንና ፍጥነትን ከሆነ ጥያቄው ለእኛም ነው። በእርጋታ የሚያደርሰውን መርጠን የከፈልንበት ከሆነ ግን ሐላል በሆነ ገንዘብ ሐላል ጉዞ ገዝተናል።

ወላሁ አዕለም።